ኤሌክትሪክ ወይስ ጋዝ? ስለ ማእድ ቤት ወጪ ከኦዊኖ ገበያ የተጻፈ

ስለ ቤት አስተዳደር የሚነጋገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠያየቁት የዕቃውን ዋጋ ነው። ምድጃው በስንት ተገዛ፣ ምጣዱ በስንት ተሠራ፣ ሲሊንደሩ ከነመግጠሚያው ስንት ወጣበት ይባባላሉ። ይሁን እንጂ ምድጃ የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን የሚመገበው ዕለት ዕለት ነው። ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ምድጃ ቢታሰብለት፣ የበላው ገንዘብ ከተገዛበት ዋጋ እጅግ በልጦ ይገኛል። ገበያ ወጥቶ ስለ አንድ ድስት ዋጋ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር የቤት ባለቤት፣ ያ ድስት በየቀኑ የሚሞቅበት እሳት ስንት እንደሚያስከፍለው ቢጠየቅ መልስ ያጥረዋል። እኛም ኑሯችንን በካምፓላ ካደረግን ወዲህ ብዙ ጊዜ የተጠየቅነው ጥያቄ ይኸው ስለ ሆነ፣ መዝነንና ቆጥረን ያገኘነውን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለማቅረብ ወደድን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል፤ አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን በዚህ ስፍራ ሲሰናከሉ አይተናልና። በአገራችን «ጋዝ» ወይም «ነጭ ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው በፋኖስና በክር ምድጃ የሚነደውን ፈሳሽ፣ ይኸውም ላምባውን ነው። በብረት ሲሊንደር ታምቆ የሚሸጠውን ግን «ቡታጋዝ» እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ጋዝ ስንል ይህንኑ ቡታጋዝ ማለታችን ነው። እንዲሁም «መብራት» የሚለው ቃል በእኛ አነጋገር ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪኩን ኀይል በሙሉ ስለሚያመለክት፣ «መብራት መጣ» ያለች ሴት በእኩለ ቀን ምጣዷን ልትጥድ እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

ኦዊኖ በካምፓላ መካከል፣ በናኪቩቦ ስታዲየም አጠገብ የሚገኝ ታላቅ ገበያ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ በመንግሥት መዝገብ የሚታወቀው ከኡጋንዳ ሰማዕታት አንዱ በሆነው በባሊኩዴምቤ ስም ነው። ሕዝቡ ግን ኦዊኖ ማለቱን አልተወም። ስሙ የገነነው በልባሽ ጨርቅ ንግድ ነው። ከባሕር ማዶ በእስር በእስር ሆኖ የመጣው ልብስ እዚያ ይፈታል፤ ልብስ ሰፊዎቹ ያጠቡታል፣ ያስጠጉታል፣ በከሰል ካውያም ተኩሰው እንደ አዲስ ይሰቅሉታል። ወደ ውስጥ ለዘለቀ ሰው ግን ጥራጥሬውም፣ ቅመማ ቅመሙም፣ ድስቱም፣ ከሰሉም ከዚያው ይገኛል። የአገሩ ሰው ሲጊሪ የሚለው የከሰል ምድጃ፣ ከቆርቆሮ ብቻ የተሠራውም ሆነ ውስጡ በሸክላ የተለበጠው፣ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ይታያል። ባለ አንድና ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሸጡትም ብዙ አይርቁም።

ይህን ሁሉ ለመናገር የተነሣንበት ምክንያት አለን። በኦዊኖ መተላለፊያ ላይ የቆመ ሰው ሦስቱን እሳት፣ ማለት ከሰሉን፣ ጋዙንና ኤሌክትሪኩን፣ በአንድ ጊዜ ይመለከታል፤ ሦስቱም ግን የሚሸጡት በልዩ ልዩ መስፈሪያ ነው። ከሰል በቆርቆሮና በማዳበሪያ፣ ጋዝ በኪሎ፣ ኤሌክትሪክ ደግሞ በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህንን የመጨረሻውን የካምፓላ ሰው ባጭሩ «ዩኒት» ይለዋል። መስፈሪያው ከተለያየ ዘንድ ገዢው ማወዳደር አይችልም። ማወዳደር ያልቻለ ገዢ ደግሞ የጎረቤቱን ወሬ ይከተላል፤ አንዱ «ጋዝ ይረክሳል» ሲል ሌላው «መብራት ይረክሳል» ይላል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ቤት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። በቤታችን ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር አለ። ለአንድ ሳምንት ወጡንም፣ ሩዙንም፣ ሻዩንም በጋዝ ብቻ አበሰልንና ሲሊንደሩን በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ በእህል ሚዛን መዘንነው። ልዩነቱ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ምግብ፣ በዚያው ድስት፣ በባለ ሽቦ የኤሌክትሪክ ምድጃ አበሰልን፤ ቆጣሪውንም ምድጃው ሳይበራና ከጠፋ በኋላ እያነበብን ጻፍን። 12 ዩኒት ተኩል ያህል ወጣ። አንዱን ለሌላው ብናካፍለው፣ የ1 ኪሎ ጋዝ ሥራ የ9 ዩኒት ኤሌክትሪክ ሥራ ያህል ነው ማለት ነው።

ይህ አኀዝ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ ወደ 12.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ነገር ግን ነበልባሉ ድስቱን ብቻ አያሞቅም፤ በድስቱ ጎንና ጎን አምልጦ ማእድ ቤቱን ያሞቃልና፣ ከሙቀቱ ወደ ምግቡ የሚገባው ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለው፣ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህሉ ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ከድስቱ ሥር ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ከሚወስደው ኀይል ሦስት አራተኛው ያህል ለምግቡ ይደርሳል። ሰባቱን ለሦስት አራተኛ ብናካፍል ከዘጠኝ ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ለማንኛውም ቤት፣ በማንኛውም አገር፣ የሚከተለውን ቀላል ስሌት ልናበድር እንችላለን፦ የአንዱን ዩኒት ዋጋ በ9 አባዙ፤ የተገኘው ገንዘብ ከ1 ኪሎ ጋዝ ዋጋ ካነሰ ኤሌክትሪኩ ይረክሳል፤ ከበለጠም ጋዙ ይረክሳል። ብረት ድስቱን ራሱን በመግነጢስ ለሚያሞቀው አዲስ ዓይነት ምድጃና ለኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ግን በ9 ፈንታ በ8 ማባዛት ይበቃል፤ እነዚህ የሚያባክኑት ያነሰ ነውና።

ከሰልንም ለማስገባት የሚሻ ሰው ቢኖር፣ በተራ የቆርቆሮ ሲጊሪ ላይ የ1 ኪሎ ጋዝን ሥራ ለመሥራት 4 ኪሎ ከሰል ያህል ያስፈልጋል። ከሰል በቆርቆሮ ሲገዛ ርካሽ ይመስላል፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ጥቂት ነውና። አራት ኪሎ እስኪሞላ ድረስ በየቀኑ የተከፈለውን የደመረ ሰው ግን ሌላ አሳብ ያድርበታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለንግድ የሚሆን ከሰል እንዳይከሰል ማዘዛቸው ይታወሳል። ስለ ደኑ የሚነገረውን ለሌላ ጽሑፍ እንተወው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የኡጋንዳ የኤሌክትሪክ ማከፋፈል ሥራ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ ለ20 ዓመት በኡሜሜ ኩባንያ እጅ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ መንግሥቱ የማከፋፈያ ድርጅት ተመልሷል። በዚያው ጊዜ በወጣው ተመን መሠረት የመኖሪያ ቤት ደንበኛ በወር ውስጥ የሚከፍለው በአራት እርከን ተከፍሏል። የመጀመሪያዎቹ 15 ዩኒት እያንዳንዳቸው 250 ሽልንግ፤ ከ16ኛው እስከ 80ኛው 756.2 ሽልንግ፤ ከ81ኛው እስከ 150ኛው 412 ሽልንግ ናቸው፤ ከ150 በላይ የሆነው ሁሉ እንደ ገና ወደ 756.2 ይመለሳል። በዚህ ላይ 18 በመቶ ቀረጥ ይጨመራል። ሦስተኛው እርከን «የማብሰያ ተመን» ይባላል፤ ሕዝቡ ከሰሉን ትቶ በኤሌክትሪክ እንዲያበስል ለማደፋፈር የተደረገ ነው።

አሳቡ መልካም ነው። ሆኖም እርከኑን በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የዚህ ጽሑፍም ዋና ነጥብ እርሱ ነው። ቆጣሪው በምድጃ የበራውንና በአምፑል የበራውን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ተራ ቁጥርን ብቻ ነው። ስለዚህ የማብሰያውን ቅናሽ የሚያገኘው የሚያበስለው ሰው ሳይሆን፣ ከማብሰሉ በፊት 80 ዩኒት የጨረሰው ሰው ነው።

ሁለት ቤቶችን እናስብ። በሁለቱም ቤት እንደ እኛ ቤት ያለ ማእድ ይሠራል እንበል፤ ይኸውም በወር ሲታሰብ 6 ኪሎ ጋዝ፣ ወይም 54 ዩኒት ኤሌክትሪክ ነው። የመጀመሪያው ቤት ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ካውያ ስላለው ያለ ምድጃ በወር 80 ዩኒት ይጨርሳል። ምድጃውን ሲጨምር 54ቱ ዩኒት በሙሉ በ412 ሽልንጉ እርከን ላይ ይወድቁለታል፤ ከነቀረጡ 26,253 ሽልንግ ያህል ይከፍላል። ሁለተኛው ቤት ማቀዝቀዣ የለውም፤ ለአምፑልና ለስልክ፣ ለትንሽ ቴሌቪዥንም 30 ዩኒት ይበቃዋል። ይህ ቤት ያንኑ 54 ዩኒት ሲጨምር፣ 50ው በ756.2 ሽልንግ እርከን ላይ፣ 4ቱ ብቻ በማብሰያው ተመን ላይ ይወድቃሉ። ለዚያው ወጥ፣ ለዚያው ሻይ 46,560 ሽልንግ ያህል ይከፍላል ማለት ነው።

ጋዙስ? እኛ በገዛንባቸው ወራት ሁሉ 1 ኪሎ ጋዝ ከ8,000 ሽልንግ በታች አግኝተን አናውቅም፤ ትንሹ ሲሊንደርም በኪሎ ሲታሰብ ከትልቁ ይወደዳል። በ8,000 እንኳ ብናስበው 6 ኪሎው 48,000 ሽልንግ ነው። እንግዲህ ማቀዝቀዣ ላለው ቤት ኤሌክትሪኩ ከጋዙ በግማሽ ያህል ይረክሳል፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ግን ሁለቱ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። «መብራት ይረክሳል» ያለው ሰውና «ልዩነት የለውም» ያለው ሰው የማይግባቡት ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪኩ በአመዛኙ የሚረክስበት ምክንያት ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። የኡጋንዳ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአገሩ ውስጥ፣ ከነጭ ዓባይ ነው። በጂንጃ የተሠራው የመጀመሪያው ግድብ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር፤ ቡጃጋሊ በ2012፣ 600 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ካሩማም በ2024 ተከተሉት። ጋዙ ግን በመርከብ ወደ ሞምባሳ ይደርሳል፤ ከዚያ በኬንያ በኩል በመኪና ተጭኖ ረጅም መንገድ ይመጣል። በመንገድ ላይ የነዳጅ ዋጋ ወይም የዶላር ምንዛሪ ሲናወጥ የማእድ ቤቱ ሒሳብም አብሮ ይናወጣል። በአገራችንም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። ጋዙ ከውጭ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ከወንዞቻችን ይገኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይህን ከማንም ይልቅ ይናገራል።

የተመኑ ቅርጽ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ እርከኑ እየጨመረ የሚሄድ ደረጃ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም ሰው በጥቂት ዋጋ፣ ብዙ የሚጠቀም በበለጠ ዋጋ ይከፍላል። ለመጀመሪያዎቹ 50 ዩኒት ይከፈል የነበረው በዩኒት 27 ሳንቲም ያህል ሲሆን፣ ይህ ተመን በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ እስኪደረግ ድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ተመን ወጥቷል። ስለዚህ የአዲስ አበባዋ እመቤት የማባዣዋን 9 በየጊዜው እያወጣች ብትመረምር አይከፋም። እስካሁን ግን እዚያ ቡታጋዙ በብዙ ቤት የሚያገለግለው መብራት ለጠፋበት ቀን እንደ ተጠባባቂ ሆኖ ነው።

የእኛን ሰዎች በተለይ የሚመለከተው የምጣዱ ነገር ነው። ወጥና ሻይ በማንኛውም እሳት ይሠራል፤ እንጀራ ግን ምጣዱ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ይፈልጋል። የተራ ጋዝ ምድጃ ነበልባል መካከሉን አሳርሮ ጠርዙን ጥሬ ይተዋል። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሽቦው በሸክላው ሥር ተጠምዝዞ ስለ ተዘረጋ ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ማለትም አሥራ አምስት ደቂቃ አግሎ ሃያ አምስት እንጀራ ለመጋገር 5 ዩኒት ያህል ይወስዳል። ባልትና የምታውቅ ሴት ሊጡን አዘጋጅታ፣ ማሰሻዋንና ሰፌዷን አቅርባ ምጣዱን የምትለኩሰው፣ በአንድ ጊዜም ለሳምንት የምትጋግረው ስለዚህ ነው፤ በየቀኑ አምስት አምስት እንጀራ የሚጋግር ሰው ለማጋያው ብቻ በየጊዜው አንድ ዩኒት ያህል ይከስራል።

ከአዲስ አበባ ምጣድ ይዞ ለመጣ ሰው ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን የኡጋንዳው 240 ቮልት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሽቦው የሚስበው ኀይል ግን ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምርና 3,500 ዋት የነበረው ከ4,000 በላይ ይሆናል። ይህም 17 አምፔር ማለት ነው። የካምፓላ ሦስት ጥርስ ስፒና የሚሸከመው 13 አምፔር ብቻ ስለ ሆነ፣ ምጣዱን በግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት ስፒናውን ማቅለጥ ነው። ለምጣድ ወፍራም ገመድ ያለው የራሱ መስመርና የራሱ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። በኦዊኖ ገመድ በሜትር ይሸጣል፤ ቀጭኑ ይረክሳል፤ ቀጭኑን ለምጣድ መግዛት ግን ቁጠባ አይባልም። ገበያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2011ና በ2013 በእሳት መጎዳቱን እዚያ የሚነግድ ሁሉ ያስታውሳል፤ ስለ እሳት ሲነገረው የሚስቅ ነጋዴም አልገጠመንም።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ብዙ አንናገርም። ባቄላና አተር ለመቀቀል፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነው የኤሌክትሪክ እንፋሎት ድስት በክፍት ምድጃ ከሚወጣው ከግማሽ በታች ይበቃዋል። ይህ በተለይ ለደገኛ ይጠቅማል፤ ውሃ በካምፓላ በ96፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ያህል ስለሚፈላ ጥራጥሬው ሳይበስል ብዙ ይቆያልና። ካውያ የሚፈጀው ጥቂት ነው፤ በከሰል ካውያ መተኮስ ለልብስ ሰፊው እንጂ ለቤት አያዋጣም። ለመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ግን ብዙ ይበላል፤ ቤተ ሰቡ ብዙ ከሆነ ከምጣዱ ቀጥሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ጋዙንም ፈጽሞ አንንቀፈው። መብራት በጠፋበት ምሽት ሕፃን የሚጠጣው ወተት የሚሞቀው በእርሱ ነው፤ ነበልባሉም እንደ ታዘዘ ወዲያው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቁሌት የሚያቁላላ ሰው ይህን ዋጋ ያውቃል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ብቻ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከተቻለ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ጎማውም አልፎ አልፎ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፤ አረፋው ከተንፈቀፈቀ ጋዙ ያመልጣል። ከሰል የሚጠቀሙትም በተዘጋ ክፍል እሳት ይዘው አይተኙ፤ የከሰል ጢስ ሳይሸት ይገድላል።

ይህን ሁሉ ስንመዝንና ስንቆጥር የነበረው ለራሳችን ብቻ አልነበረም። ጤፉን ከማሽላና ከሩዝ ዱቄት እያደባለቀች እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ በካምፓላ ብዙ ዓመት የኖረች አንዲት እመቤት አለች፤ እትዬ እያልን እንጠራታለን። የምትኖረው አራት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ነው። አንድ ቀን ከኦዊኖ ዱቄት ሸምታ ስትመለስ ቤታችን ገባችና፣

«እናንተ የተማራችሁ ናችሁና እስቲ ንገሩኝ፤ መብራቱን ትቼ ወደ ጋዝ ልግባ ወይ?» አለችን።

«እትዬ፣ ባለ ቤቱ ለአንድ ዩኒት ስንት ያስከፍሉሻል?» ብለን ጠየቅናት።

«ሺህ ሽልንግ። የሁላችንም እኩል ነው፤ በየክፍላችን ትንንሽ ቆጣሪ አድርገውልናል።»

ጥያቄዋ የሚመለሰው በዚህ ነው። አራቱ ቤት በአንድ ቆጣሪ ላይ ስላሉ፣ የ250 ሽልንጉ እርከንም የማብሰያው ተመንም በወር የሚመጡት ለአራቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከነቀረጡ 892 ሽልንግ ነው። ባለ ቤቱ ሺህ ማስከፈላቸው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለምና እንደ ቀማኛ አንቆጥራቸውም። ችግሩ ቅናሹ ለቤተ ሰብ ሳይሆን ለቆጣሪ መሰጠቱ ነው።

እትዬ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን መቶ መቶ እንጀራ ትጋግራለች። መቶ እንጀራ 18 ዩኒት ይወስዳል፤ በወር 13 ቀን ብናስብ 234 ዩኒት ይሆናል፤ ለአምፑል 20 ብንጨምር 254። ለባለ ቤቱ በሺህ ሒሳብ 254,000 ሽልንግ ትከፍላለች። የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ግን፣ ሁለቱንም ቅናሽ ራሷ ስለምታገኝ፣ ከነቀረጡ 189,258 ሽልንግ ያህል በከፈለች ነበር። በአንድ እንጀራ ሲታሰብ ለእሳት 180 ሽልንግ የምታወጣው ወደ 134 ይወርድላታል። በእንጀራ ንግድ ውስጥ 46 ሽልንግ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቅ የሸጠ ሰው ነው።

ስለዚህ የሰጠናት መልስ፣ «ምጣድሽን አትንኪው፤ ጋዝ ለእርሱ አይሆንም፤ ወጥሽን ግን እንዲህ አስቢው» የሚል ነበር። የእርሷ ዩኒት ሺህ ሽልንግ ስለ ሆነ፣ በ9 ሲባዛ 9,000 ነው። 1 ኪሎ ጋዝ ከ9,000 በታች ካገኘች ወጧን በጋዝ መሥራት ያዋጣታል፤ የራሷን ቆጣሪ ባገኘች ጊዜ ደግሞ ይህ ሒሳብ እንደ ገና ይለወጣል። ይህን ስንነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያው የምፈልገው ጋዝ አይደለም፤ ቆጣሪ ነው» አለች።

ባለ ቤቱ ነገሩ ሲቀርብላቸው አልተቃወሙም። የገመዱንና የመስመር ዘርጊውን ወጪ ራሷ እስከ ቻለች ድረስ በስሟ ቆጣሪ ብታስገባ ፈቃዳቸው መሆኑን ተናግረዋል፤ በጽሑፍም ሰጥተዋታል። እትዬ አሁን በየወሩ የሚተርፋትን ወደ 65,000 ሽልንግ የሚጠጋ ገንዘብ እያሰበች፣ ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስላት በጣቷ ትቆጥራለች። እስከዚያው ለወጡ አንዲት ትንሽ ሲሊንደር ገዝታ በሯ ላይ፣ ከውጭ በኩል አስቀምጣለች።